ሳይነኩት የሚታወቅ ሊንክ፦ የድረ ገጽ ሊንኮችን ለመቅረጽ ያሉ አማራጮች ንጽጽር

ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ስለ ሊንክ የሚወስነው ነገር ትንሽ ይመስላል። ቀለሙ ምን ይሁን? ከስሩ ይሰመርበት ወይስ አይሰመርበት? ቃሉ «እዚህ ይጫኑ» ይሁን ወይስ ሌላ? ሲነካ በዚያው ታብ ይከፈት ወይስ በአዲስ? እነዚህ ጥያቄዎች ግን በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማሉ፤ አንድ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ከተሰጣቸውም ስህተቱ በየገጹ ይባዛል። ምክር ፍለጋ የወጣ ሰው ደግሞ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ይገጥመዋል። አንዱ የስር መስመር ጊዜው አልፎበታል ሲል ሌላው ያለ እሱ ሊንክ የለም ይላል፤ አንዱ ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ሁሉ በአዲስ ታብ ይከፈት ሲል ሌላው በፍጹም እንዳይደረግ ያስጠነቅቃል።

በዚህ መመሪያ አማራጮቹን ሁሉ የምመዝነው አንድ ሐሳብ ይዤ ነው። አንባቢ ሊንኩን ከመንካቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ማወቅ አለበት፤ ያየው ነገር ሊንክ መሆኑንና ወዴት እንደሚወስደው። ይህን ለማወቅ የግድ መንካት ካስፈለገው፣ ገጹን የሠራው ሰው መሥራት የነበረበትን ሥራ ለአንባቢው አሸክሞታል ማለት ነው።

መመዘኛዎቹ

አምስት መመዘኛዎችን እጠቀማለሁ፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው መታወቅ ነው፦ አንባቢው ገጹን በዓይኑ ሲቃኝ የሚነካው ቃል የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይለያል ወይ? ሁለተኛው መገመት ነው፦ ቢነካው የሚያገኘውን ነገር ከወዲሁ መናገር ይችላል ወይ? ሦስተኛው ተደራሽነት ነው፦ ቀለም በደንብ የማይለይ፣ በስክሪን ሪደር (ገጹን ጮክ ብሎ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚያዳምጥ፣ ማውስ ሳይይዝ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ወይም ትንሽ ስልክ በአውራ ጣቱ የሚነካ ሰው እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ይገለገልበታል ወይ? አራተኛው የንባብ ፍሰት ነው፦ ሊንኩ ዓረፍተ ነገሩን ይቆርጠዋል ወይስ አብሮት ይሄዳል? አምስተኛው ጥገና ነው፦ ገጹ ከተጻፈ ከዓመታት በኋላም ሊንኩ ይሠራል ወይ? ለማስተካከልስ ምን ያህል ድካም ይጠይቃል?

ሁለት አማራጮች ሲጋጩብኝ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት መመዘኛዎች አደላለሁ። የንባብ ፍሰት የሚጠቅመው ሊንኩን ማግኘት ለቻለ ሰው ነውና።

ተደራሽነትን በግምት እንዳንለካው የሚረዳ የታወቀ ሰነድ አለ። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ ያዘጋጀው የድር ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ሁለተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ፣ በ2018 ወደ 2.1፣ በ2023 ደግሞ ወደ 2.2 ከፍ ብሏል። መስፈርቶቹ ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ በሚባሉ ሦስት ደረጃዎች የተከፈሉ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ እንደ ግብ የሚያዘው መካከለኛው፣ ደብል ኤ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው የኮንትራስት፣ ማለትም የሁለት ቀለሞች የድምቀት ልዩነት፣ እና የስፋት ልኬቶች በዚህ መመሪያ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

መልክ፦ የስር መስመር፣ ቀለም ብቻ ወይስ ሌላ?

ሊንክ በሰማያዊ ቀለምና በስር መስመር መታየት የጀመረው በድር የመጀመሪያ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር ያልተጎበኘን ሊንክ በሰማያዊ ቀለምና ባልተቆረጠ መስመር፣ የተጎበኘን ደግሞ ጠቆር ባለ ሐምራዊና በተቆራረጠ መስመር ያሳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብራውዘሮችም ማንም ምንም ካላዘዛቸው ሊንክን በሰማያዊ ያሳያሉ፣ ከስሩም ያሰምሩበታል። ስለዚህ የሰማያዊና የመስመር ጥምረት ለአንባቢው ማስረዳት የማያስፈልገው ልማድ ሆኗል። ሌላ መልክ የሚመርጥ ሰው ይህን ልማድ ትቶ የራሱን ለማስተማር መዘጋጀት አለበት።

የመጀመሪያው አማራጭ ቀለምና የስር መስመር አንድ ላይ ነው። በመታወቅም በተደራሽነትም የሚወዳደረው የለም፤ ቀለም የማይለየው አንባቢ መስመሩን ያያል፣ ገጹን በጥቁርና ነጭ ያተመውም እንዲሁ። የሚነሣበት ወቀሳ ሊንክ የበዛበትን አንቀጽ ያጨናንቃል የሚል ነው። ወቀሳው እውነትነት አለው፣ ነገር ግን መፍትሔው በእጅ ነው። በሲኤስኤስ (የገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ) የመስመሩን ውፍረት፣ ቀለምና ከፊደሉ የሚርቅበትን ርቀት ለየብቻ መወሰን ይቻላል። ቀጠን ያለ፣ ከፊደሉ ጥቂት ዝቅ ያለ መስመር ዓይን ሳይረብሽ ሥራውን ይሠራል። በግእዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ለዚህ ርቀት ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት፤ እንደየፎንቱ የፊደል እግር ወይም ቅጥያ ወደ መስመሩ ሲጠጋ ፊደልን ከፊደል መለየት ያስቸግራል።

ሁለተኛው አማራጭ ቀለም ብቻ ነው። ገጹን ንጹሕ ስለሚያስመስል ብዙ ዲዛይነሮች ይወዱታል። የሚያስከትለውን ግዴታ ግን አብዛኞቹ አይቆጥሩትም። ኮንትራስት የሚለካው ከ1 ለ1 እስከ 21 ለ1 በሚደርስ ሚዛን ሲሆን፣ ፍጹም ጥቁር ጽሑፍ በፍጹም ነጭ ላይ 21 ለ1 ይሆናል። ሊንኩ ተነባቢ እንዲሆን ከጀርባው ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 ኮንትራስት ያስፈልገዋል። በቀለም ብቻ የሚለይ ከሆነ ደግሞ ከአጠገቡ ካለው ተራ ጽሑፍ ጋር ቢያንስ 3 ለ1 ሊኖረው፣ ማውስ ሲያርፍበት ወይም በኪቦርድ ሲደረስበትም ተጨማሪ ምልክት ሊያሳይ ይገባል።

ሁለቱን ልኬቶች አንድ ላይ ስናሰላ መንገዱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይታያል። ጽሑፉ ፍጹም ጥቁር ከሆነ 21ን ለ3 ስናካፍል 7 እናገኛለን፤ የሊንኩ ቀለም ከነጩ ጀርባ ጋር ያለው ኮንትራስት ከ4.5 በታች መውረድ፣ ከ7 በላይም መውጣት አይችልም። ብራውዘሮች ለሊንክ በተለምዶ የሚሰጡት ሰማያዊ ከነጭ ጋር 9.4 ለ1 ገደማ፣ ከጥቁር ጋር ደግሞ 2.2 ለ1 ገደማ ስለሆነ መስመሩ ከተነሣበት መስፈርቱን አያሟላም። ጽሑፉ ጥቁር ሳይሆን በቀለም ኮድ 333333 የሚጻፈው የተለመደ ጥቁር ግራጫ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ይህ ግራጫ ከነጭ ጋር 12.6 ለ1 ነው፤ ለ3 ሲካፈል 4.2 ይመጣል፣ እሱም ከሚፈለገው 4.5 በታች ነው። በሌላ አነጋገር፣ በነጭ ጀርባ ላይ በዚህ ግራጫ የሚጽፍ ሰው በቀለም ብቻ የሚለይና ሁለቱንም መስፈርት የሚያሟላ ሊንክ ሊያገኝ አይችልም፤ የቱንም ያህል ቀለም ቢቀያይር።

ከዚህ ስሌት ጀርባ ሰዎች አሉ። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ አንዳንድ ቀለሞችን መለየት ይቸግረዋል። ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያይ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው እንኳ ለጊዜው ከእነርሱ አይሻልም።

ቀለም ብቻውን የሚበቃበት ቦታ ግን አለ። ገጹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሊንክ ከሆነ፣ ለምሳሌ በምናሌ ወይም በፍለጋ ውጤት ዝርዝር ውስጥ፣ አንባቢው ሊንኩን የሚያውቀው ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ከፍለጋ ውጤቶቹ ርዕሶች ላይ የስር መስመሩን ሲያነሣ ዝርዝሩን መጠቀም ያልተቸገርነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ያንን አይቶ መስመሩን ከአንቀጽ መካከልም የሚያነሣ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አቀላቅሏል።

ሦስተኛው አማራጭ መስመሩ ማውስ ሲያርፍበት ብቻ እንዲታይ ማድረግ ነው። ይህን በምንም መልኩ አልመክረውም። በስልክ ላይ ማውስ ስለሌለ ምልክቱ ጨርሶ አይታይም፤ በኮምፒዩተርም አንባቢው ሊንክ ለማግኘት ጽሑፉን በማውስ መዳሰስ አለበት። ሳይነካ ማወቅ የሚለው መርሕ እዚህ ላይ ተገልብጦ ይገኛል። ማውስ ሲያርፍ የሚመጣ ለውጥ፣ ለምሳሌ የመስመሩ መወፈር፣ ቀድሞ በሚታይ ምልክት ላይ ሲደረብ ጥሩ ነው።

አራተኛው ደማቅ ፊደል ወይም የጀርባ ቀለም ነው። ደማቅ ፊደል በተለምዶ የሚያገለግለው ቃል ለማጉላት ስለሆነ አንባቢው ሊንክ ነው ብሎ አያስብም። በግእዝ ፊደል ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፣ የተጋደመ ፊደልም የጽሕፈት ልማዳችን አይደለም፤ ቃልን ለማጉላት የቀረን መሣሪያ ደማቅ ፊደል ስለሆነ እሱን ለሊንክ ማዋል ብክነት ነው። በዚያው ልክ የስር መስመርን ለማጉያ ማዋልም ስህተት ነው። የተሰመረበትን ርዕስ ደጋግሞ ነክቶ ምንም ያልተከፈተለት አንባቢ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ሊንክም አያምነውም።

መልክን በሚመለከት ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። አንደኛው የተጎበኘ ሊንክ ቀለም ነው። ረጅም ዝርዝር ወይም ብዙ መጣጥፍ ያለው ድረ ገጽ ይህን ካጠፋው አንባቢው ያነበበውን ገጽ ደግሞ ይከፍታል። ብራውዘሮች የሰውን የጉብኝት ታሪክ ከሌሎች ድረ ገጾች ለመጠበቅ ሲሉ በተጎበኘ ሊንክ ላይ የሚፈቅዱት ከቀለም ለውጥ ብዙም የዘለለ አይደለም፤ ቀለሙ ግን ይበቃል። ሁለተኛው በኪቦርድ ሲደረስበት የሚታየው ክፈፍ ነው። መልኩ አላምር ብሎት ክፈፉን ያጠፋ ሠሪ፣ በኪቦርድ ብቻ ለሚሠራው ሰው የት እንዳለ የሚያሳየውን ብቸኛ ምልክት ነጥቆታል። ካላማረው በሌላ ይተካው እንጂ አያጥፋው።

ቃሉ፦ ሊንኩ ላይ ምን ይጻፍ?

ከሁሉም አብልጬ የማተኩረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ድረ ገጾች የሚወድቁት እዚህ ነውና፣ ለማስተካከልም ከጥቂት የአሳብ ሥራ በቀር ምንም አይጠይቅም። አንድን መልእክት በአራት መንገድ ጽፈን እናወዳድር፤ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው ሊንኩ ነው።

አንደኛ፦ የማመልከቻ ቅጹን ለማግኘት «እዚህ ይጫኑ»።

ሁለተኛ፦ ቅጹ በሚከተለው አድራሻ ይገኛል፤ ከዚያም የድረ ገጹ አድራሻ በሙሉ ተዘርግፎ ይታያል።

ሦስተኛ፦ አመልካቾች «የማመልከቻ ቅጹን (ፒዲኤፍ፣ 2 ሜጋባይት)» አውርደው ሞልተው ይላኩ።

አራተኛ፦ «አመልካቾች የማመልከቻ ቅጹን አውርደው ሞልተው እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ይላኩ።»

«እዚህ ይጫኑ» ለብቻው ሲነበብ ምንም አይናገርም። ጉዳቱ በደንብ የሚሰማው በጆሮ ነው። እንደ ጆውስና ኤንቪዲኤ ያሉ ስክሪን ሪደሮች የአንድን ገጽ ሊንኮች ከጽሑፉ ነጥለው በዝርዝር ያቀርባሉ፤ ዓይነ ስውር ተጠቃሚም እኛ በዓይናችን እንደምንቃኘው በዚህ ዝርዝር ይቃኛል። አንድ ቀን በአንድ የዜና ገጽ ላይ ይህን ዝርዝር ከፍቼ ሳዳምጥ የሰማሁት ይህ ነበር፦ «ተጨማሪ ያንብቡ፣ ሊንክ። ተጨማሪ ያንብቡ፣ ሊንክ። ተጨማሪ ያንብቡ፣ ሊንክ።» ገጹ ላይ ከ10 በላይ ዜናዎች ነበሩ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ግን አንዱን ከሌላው የሚለይ አንድም ቃል አልነበረም። የዜናዎቹ ርዕሶች ራሳቸው ሊንክ ቢሆኑ ኖሮ ችግሩ ባልተፈጠረ ነበር። የተደራሽነት መመሪያው የሊንኩ ዓላማ ከዙሪያ ጽሑፉ ጋር ተደምሮ እንዲታወቅ በኤ ደረጃ፣ ከሊንኩ ቃል ብቻ እንዲታወቅ ደግሞ በትሪፕል ኤ ደረጃ ይጠይቃል፤ በእኔ እምነት ሁለተኛውን ለማሟላት መጣር ከባድ አይደለም።

አማርኛ ወደዚህ ስህተት የሚገፋበት ምክንያት አለው። ግሡ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ነገሩን ሁሉ ተናግረን ስናበቃ «ይጫኑ» የሚለው ቃል ሊንክ ለመሆን ራሱን ያቀርባል። ሊንኩ ግን መሆን ያለበት ስሙ ነው፤ ግሡ እንደ ወትሮው በቦታው ይቀመጥ። «ለዝርዝሩ እዚህ ይጫኑ» ከማለት «የክፍያ ደንቡ ዝርዝሩን ይዟል» ብሎ «የክፍያ ደንቡ» የሚለውን ሊንክ ማድረግ ይቻላል።

ሌላም በአማርኛ ብቻ የሚያጋጥም ነገር አለ። መስተዋድዱም ቅጥያውም ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ፦ በደንቡ፣ ከደንቡ፣ ደንቡንም። ከ«ከደንቡ» ላይ «ደንቡ» የሚለውን ብቻ ሊንክ ማድረግ ቃሉን በሁለት ቀለም ይሰነጥቀዋል፣ መስመሩም ከቃሉ መሀል ይጀምራል። ቃሉን ከነመስተዋድዱ ሙሉውን ሊንክ ማድረግ፣ ወይም ስሙ ብቻውን እንዲቆም ዓረፍተ ነገሩን ማስተካከል ይሻላል።

ሁለተኛው አማራጭ፣ ሙሉ አድራሻውን መዘርጋት፣ ግልጽነት ያለው ይመስላል። በወረቀት ለሚታተም ጽሑፍ በእርግጥ ተገቢ ነው። በስክሪን ላይ ግን የንባቡን ፍሰት ያቋርጣል፣ ስክሪን ሪደሩም ምልክቱንና ቁጥሩን ሁሉ ለማንበብ ይገደዳል። አድራሻው ውስጥ የግእዝ ፊደል ካለ ደግሞ ነገሩ ከቁጥጥር ይወጣል። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒዩተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ኮድ) 3 ባይት ስለሚይዝ፣ አድራሻው ሲገለበጥ አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ በፐርሰንት ምልክት የተሞሉ 9 ቁምፊዎች ይሆናል፤ የ10 ፊደል ርዕስ የ90 ቁምፊ ትርጉም የለሽ ሰንሰለት ሆኖ ገጹ ላይ ይለጠፋል። የታየ አድራሻ የደኅንነት ዋስትና ነው የሚለውም አያስኬድም። በገጹ ላይ የሚነበበው አድራሻና ሊንኩ በትክክል የሚወስድበት ቦታ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አጭበርባሪዎች የሚጠቀሙበትም ይህንኑ ነው።

አራተኛው፣ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ሊንክ ማድረግ፣ ለመንካት ሰፊ ቦታ ቢሰጥም የትኛው ቃል መድረሻውን እንደሚናገር ይሸፍናል። በስልክ ላይ ገጹን ወደ ላይ ሲገፋ ሳያስበው የሚነካው ሰውም ብዙ ነው።

የሚያሸንፈው ሦስተኛው ነው፤ የመድረሻውን ስም ሊንክ ማድረግ። ከ2 እስከ 6 ቃል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። መድረሻው ገጽ ካልሆነ፣ ማለትም የሚወርድ ፋይል፣ ቪዲዮ ወይም የኢሜይል መጻፊያ ከሆነ፣ ይህንኑ በሊንኩ ውስጥ መጻፍ ለአንባቢው አክብሮት ነው። በተለይ የፋይሉ መጠን፣ የኢንተርኔት ጥቅሉን እየቆጠበ ለሚጠቀም ሰው ከርዕሱ የማይተናነስ መረጃ ነው። የመድረሻው ገጽ ርዕስና የሊንኩ ቃልም መመሳሰል አለባቸው፤ «የክፍያ ደንብ» ብሎ የነካ አንባቢ «አጠቃላይ መረጃ» የሚል ገጽ ቢከፈትለት የተሳሳተ ቦታ የመጣ ይመስለዋል።

ዊኪፔዲያ በዚህ ረገድ አንድ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ገና ወዳልተጻፈ መጣጥፍ የሚያመለክተው ሊንክ በቀይ ስለሚታይ፣ አንባቢው ከመንካቱ በፊት መድረሻው ባዶ መሆኑን ያውቃል። ይህ ምልክት በቀለም ላይ ብቻ መመሥረቱ ከላይ የተነሣውን ጉድለት ይጋራል፤ የመድረሻውን ሁኔታ አስቀድሞ የመናገር ሐሳቡ ግን ሊወረስ የሚገባው ነው።

ቦታው

ሊንኩ በአንቀጹ ውስጥ ይግባ ወይስ መጨረሻ ላይ ይሰብሰብ? አንባቢው ጉዳዩን ለመረዳት በዚያች ቅጽበት የሚያስፈልገው ከሆነ በአንቀጹ ውስጥ፣ አንብቦ ሲጨርስ ለመቀጠል የሚያስፈልገው ከሆነ መጨረሻ ላይ ይሁን። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንድ በላይ ሊንክ ሲገባ፣ በተለይም ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ እንደ አንድ ረጅም ሊንክ ስለሚታዩ በመካከላቸው ሊንክ ያልሆነ ቃል መኖር አለበት።

በዚያው ታብ ወይስ በአዲስ?

በአዲስ ታብ መክፈትን የሚደግፉ ሰዎች አንባቢው ከድረ ገጻችን አይጠፋም ይላሉ። እኔ ወደ ሌላው ወገን አደላለሁ፣ ምክንያቴም የምርጫ ጉዳይ ነው። በዚያው ታብ የሚከፈትን ሊንክ አንባቢው ከፈለገ በራሱ አዲስ ታብ ሊከፍተው ይችላል፤ በኮምፒዩተር የኮንትሮል ቁልፍን ይዞ፣ በስልክ ደግሞ ጣቱን ሊንኩ ላይ አቆይቶ። በአዲስ ታብ እንዲከፈት የታዘዘን ሊንክ ግን በዚያው ታብ ለመክፈት የሚያስችል ቀላል መንገድ የለውም። የመጀመሪያው አማራጭ ሁለቱንም ምርጫ ይሰጠዋል፣ ሁለተኛው አንዱን ይወስድበታል። ከዚህም ሌላ አዲስ ታብ ሲከፈት የብራውዘሩ የመመለሻ ቀስት አይሠራም። ስክሪኑን የማያይ ወይም ስልክ ብዙም ያልለመደ ሰው ቀስቱን ደጋግሞ ሲነካ ምንም አይመጣለትም፤ ሌላ ታብ መከፈቱንም አላወቀም።

አዲስ ታብ ትክክል የሚሆንበት ሁኔታ ግን አለ። ሰውዬው ረጅም ቅጽ በመሙላት ላይ እያለ የአንድን ቃል ትርጉም ወይም የውል ግዴታዎችን ማየት ቢፈልግና ገጹ ቢቀየርበት የሞላው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ጊዜ በአዲስ ታብ መክፈት ይገባል፤ «በአዲስ ታብ ይከፈታል» የሚል አጭር ቃል በሊንኩ ውስጥ ይጨመርና። ትንሽዋ የቀስት ምልክት ብቻዋን ትርጉሟ ለሁሉም ግልጽ ስላልሆነ ከቃል ጋር ብትሄድ ይመረጣል።

ሊንክ ወይስ አዝራር? ለጣትስ ይመቻል?

ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድ ከሆነ ሊንክ፣ አንድ ተግባር የሚፈጽም ከሆነ (መላክ፣ መሰረዝ፣ ማስቀመጥ) አዝራር ይሁን። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዝራር በኢንተርም በስፔስም ይሠራል፣ ሊንክ በኢንተር ብቻ፤ ሊንክን በአዲስ ታብ መክፈትና አድራሻውን መቅዳት ይቻላል፣ አዝራርን አይቻልም። አንዱን በሌላው መልክ ማስመሰል የአንባቢውን ልማድ ያሳስታል።

የመንኪያ ስፋትን በተመለከተ የ2.2 መመሪያ በደብል ኤ ደረጃ ቢያንስ 24 በ24 ፒክሰል፣ በትሪፕል ኤ ደግሞ 44 በ44 ይጠይቃል። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ሊንክ ከዚህ ነጻ ነው፤ ይሁን እንጂ የመስመሮችን ርቀት ሰፋ ማድረግ ለጣት ይጠቅማል። በምናሌና በገጽ ግርጌ ተደርድረው ለሚቀመጡ ሊንኮች ወደ 44 መጠጋት ይመረጣል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | መታወቅ | መገመት | ተደራሽነት | የንባብ ፍሰት | ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀለምና የስር መስመር | ከፍተኛ | አይመለከተውም | ከፍተኛ | መካከለኛ፣ መስመሩ ከቀጠነ ጥሩ | ቀላል |
| ቀለም ብቻ | መካከለኛ፣ በምናሌ ውስጥ ጥሩ | አይመለከተውም | በአንቀጽ ውስጥ ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ቀለም በተቀየረ ቁጥር እንደገና መለካት |
| ማውስ ሲያርፍ ብቻ መስመር | በስልክ ምንም | አይመለከተውም | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ቀላል |
| ደማቅ ፊደል | ዝቅተኛ፣ ከማጉላት ጋር ይምታታል | አይመለከተውም | መካከለኛ | መካከለኛ | ቀላል |
| «እዚህ ይጫኑ» | ጥሩ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ቀላል |
| የተዘረጋ አድራሻ | ጥሩ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | አድራሻ ሲቀየር ጽሑፉም ይቀየራል |
| የመድረሻው ስም | ጥሩ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | ቀላል |
| ሙሉ ዓረፍተ ነገር | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ቀላል |
| በዚያው ታብ | አይመለከተውም | ከፍተኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | ቀላል |
| በአዲስ ታብ፣ ሳይነገር | አይመለከተውም | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ቀላል |
| በአዲስ ታብ፣ ተነግሮ | አይመለከተውም | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | ማስታወሻውን በየሊንኩ መጨመር |

ለማን የትኛው?

ብቻውን፣ ዝግጁ ቴምፕሌት ይዞ፣ ያለ በጀት ለሚሠራ ሰው የምመክረው መልኩን ከመነካካት እንዲቆጠብ ነው። ቴምፕሌቱ የስር መስመሩን አጥፍቶት ከሆነ ይመልሰው፤ ይህ በሲኤስኤስ የአንድ መስመር ሥራ ነው። የቀረውን ጊዜ «እዚህ ይጫኑ» እና «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚሉትን በመድረሻው ስም ለመተካት ያውለው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ለውጥ ግን ያመጣል።

ዲዛይነርና ጸሐፊ ላለው አነስተኛ ቡድን ሥራው በሁለት ይከፈላል። ዲዛይነሩ የሊንኩን ቀለም በኮንትራስት መለኪያ ፈትሾ ያልተጎበኘ፣ የተጎበኘ፣ ማውስ ያረፈበትና በኪቦርድ የተደረሰበት ሊንክ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ይወስናል። ነጻ መለኪያዎች ስላሉ ወጪ የለውም። ጸሐፊው ደግሞ ስለ ሊንክ ቃል አጻጻፍ፣ ስለ ፋይል መጠንና ስለ መስተዋድድ አያያዝ የሚናገር ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደንብ ያዘጋጃል። ይህ ካልተደረገ እያንዳንዱ ሰው በገባው መንገድ ይጽፋል፤ ከዓመት በኋላም ድረ ገጹ አራት ዓይነት ሊንክ ይኖረዋል።

ረጅም ጽሑፍ የሚያወጣ ሰው፣ ለምሳሌ መጽሔት ወይም የትምህርት ድረ ገጽ፣ የንባብ ፍሰቱ ከሌላው ይልቅ ያሳስበዋል። ለእርሱ የሚስማማው ቀጭንና ፈዘዝ ያለ የስር መስመር፣ በግልጽ የሚለይ የተጎበኘ ሊንክ ቀለም፣ በአንቀጽ ውስጥ አስፈላጊዎቹ ሊንኮች ብቻ፣ ተጨማሪ ንባቡ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው።

ሰዎች የግድ የሚገለገሉበት ድረ ገጽ፣ ማመልከቻ የሚቀበል፣ ክፍያ የሚያስፈጽም ወይም ሕዝባዊ መረጃ የሚሰጥ፣ ምርጫው ጠባብ ነው፤ ጠባብ መሆኑም ተገቢ ነው። ተጠቃሚው ሌላ ቦታ ሄዶ ሊገለገል ስለማይችል ቀለምና የስር መስመር፣ የመድረሻው ስም፣ የፋይል ዓይነትና መጠን፣ በቅጽ ውስጥ ብቻ ተነግሮ የሚከፈት አዲስ ታብ ሊኖሩት ይገባል። እዚህ በጀት ካለ ለጌጥ ሳይሆን ለፍተሻ ይዋል፤ ስክሪን ሪደር በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ተገቢውን ክፍያ አግኝቶ ገጹን ሲፈትሽ፣ እኛ ከዓመት በላይ ያላየነውን ችግር በግማሽ ቀን ያሳየናል።

በካርድ መልክ የተደረደሩ ዕቃዎች ወይም ዜናዎች ላሉት ገጽ ደግሞ የካርዱን ርዕስ ሊንክ አድርጎ መንኪያውን እስከ ካርዱ ጠርዝ ማስፋት ይበጃል። ሥዕሉን፣ ርዕሱንና «ዝርዝሩን ይመልከቱ» የሚለውን ሦስት የተለያዩ ሊንኮች ማድረግ በኪቦርድ ለሚሄደው ሰው አንዱን መንገድ ሦስት ጊዜ ማስኬድ ነው።

የጥገናው ነገር ለሁሉም እኩል ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ገጾች 38 በመቶው ከዐሥር ዓመት በኋላ ሊገኙ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ በጥንቃቄ የተጻፈ ሊንክም ነገ ወደ ባዶ ሊወስድ ይችላል። የተሰበሩ ሊንኮችን የሚለቅሙ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ማስኬድ ለአብዛኛው ድረ ገጽ ይበቃል። የመድረሻውን ስም የጻፈ ሰው እዚህም ይጠቀማል፤ አድራሻው ቢሞት እንኳ አንባቢው ስሙን ይዞ ሰነዱን ሌላ ቦታ ሊፈልገው ይችላል፣ «እዚህ» በሚለው ቃል ግን የሚፈልገው ነገር የለም።

ብዙ ገጽ ያለው ድረ ገጽ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስተካከል ካልቻለ፣ ብዙ ሰው ከሚጎበኛቸው 10 ገጾች ይጀምር። በመጀመሪያ የሊንኮቹን ቃል፣ ቀጥሎ የስር መስመሩንና የኪቦርዱን ክፈፍ፣ ከዚያ በኋላ ሳይነገር የሚከፈተውን አዲስ ታብ ያስተካክል። ቀለም መምረጥ በመጨረሻ ይምጣ።